ጀልባዋን ማን በላት

ጀልባ ኮልፌ ምን ትሠራለች ብላችሁ እንዳትስቁ። ስቀው የጨረሱ ሰዎች አሉ። የሠራናት እኛ ነን። አባቴ ሀያቱ ከጦር ኃይሎች ወደ ዓለም ባንክ በሚወስደው መንገድ ዳር የብረት ሥራ ቤት ከከፈተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ በር፣ መስኮት፣ የውሃ ታንከር ሲበይድ ኖሯል። እኔ ዊዳድ ደግሞ በዚያው ግቢ ጥግ ባለች ጠባብ ክፍል ሞተር እጠመጥማለሁ። የተቃጠለ የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ሞተር፣ የመጋዝ ሞተር ያመጡልኛል፤ ያረረውን የመዳብ ሽቦ አውጥቼ በአዲስ እጠመጥመዋለሁ። መብራት ለመዘርጋትም ፈቃድ አለኝ፣ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። ሰው ግን እስከ ዛሬ በሬ ላይ ቆሞ፣ እጄ ሽቦ ውስጥ እያለ እያየኝ፣ «ባለሙያው የለም?» ይለኛል።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ጋሽ አየለ መጡ። ቤቴል የሚኖሩ፣ ላንጋኖ ዳር ሎጅ ያላቸው ሰው ናቸው። እንግዳ ይዛ ሐይቁ ላይ የምትዞር፣ ትንሽ ኩሽናና ፍሪጅ ያላት የብረት ጀልባ ፈለጉ። አባዬ በአራት ሚሊ ላሜራ ሠራላቸው። ከሆዷ በታች፣ ውሃ ውስጥ በሚሆነው በኩል፣ ስድስት የዚንክ ጡቦች ገጠመላት። ዚንክ የብረት ቤዛ ነው። ሁለቱ ተነካክተው ውሃ ውስጥ ሲሆኑ የሚበላው እሱ ነው፣ ብረቱ ይተርፋል፤ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ሲያልቅ በሌላ ይተካል። የመብራቱን ሥራ እኔ ሠራሁ። ጀልባዋ ዳር ስትታሰር ከሎጁ በኬብል መብራት ትወስዳለች፣ ፍሪጁ ይቀዘቅዛል፣ ባትሪዋ ይሞላል። ጥቅምት ላይ ሐይቁ ውስጥ ስትገባ አባዬ ቢስሚላህ አለ፣ ጋሽ አየለ በጌታ ስም ባረኳት፣ ሁላችንም ዓሣ በላን።

ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ እንደ ጀመረ፣ በጭነት መኪና ተጭና ተመለሰች። በራችን ላይ ሆዷን ወደ ሰማይ ገልብጠው አራገፏት። ብል የበላው ጋቢ መስላለች። ቀለሙ በተፋቀበት ሁሉ ብረቱ ተቦርቡሯል፤ አንዳንዱ ቀዳዳ ጣት ያስገባል። ቀኑ ዓርብ ነው፣ ሰዓቱም ሰው ከጁምዓ ሶላት የሚመለስበት ነው። ጋሽ አየለ ይህንን መርጠው እንደሆነ አላውቅም፤ መርጠው ይሆናል ብዬ ግን ስጠላቸው ሰነበትኩ። መንገዱ መሀል ቆመው ሀያቱ የበርሜል ቆርቆሮ አራት ሚሊ ብሎ ሸጠልኝ፣ እንግዶቼን ሊያሰምጥብኝ ነበር፣ ሌባ ነው አሉ። ሦስት ጊዜ ነው ያሉት፤ ቆጥሬዋለሁ። አባዬ ነጭ ቆቡን እንዳደረገ ከመስጊድ እየመጣ ነበር፣ ከሩቅ ሰምቶታል።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሥራ ፈታ። የታክሲ ረዳቶች በራችን ላይ ሲደርሱ «ላንጋኖ፣ የሞላ ላንጋኖ» እያሉ ይጣራሉ። ጎረቤታችንን ሐጂ ኑሕን መርከብዎ መጥታለች፣ ከየእንስሳው ጥንድ ጥንድ ያሰባስቡ የሚሏቸው ነበሩ። ይሄ እንኳ ያስቃል። የማያስቀው ሌላ ነው። በር ሊያሠሩ ቀብድ የሰጡ ሰዎች መጥተው ላሜራውን በጣታቸው እየቆረቆሩ ማዳመጥ ጀመሩ። ሠላሳ ዓመት ያመነው ሰው በአንድ ጩኸት ጣቱን ማመን ጀመረ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የአባቴ ስም ግን እሱ በሕይወት እያለ በኔው ዓይን ፊት ሲቀበር አየሁ።

ጀልባዋ በተራገፈች ማግስት፣ ቅዳሜ፣ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሐጂ ኑሕ በእኛ በኩል፣ ጡረታ የወጡት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ጋሽ ቢቂላ በጋሽ አየለ በኩል ሆኑ። እዚያው ሥራ ቤታችን ውስጥ፣ ከጀልባዋ አጠገብ፣ አግዳሚ ወንበር ተዘረጋ። እኔ የውፍረት መለኪያዬን ይዤ ቆሜ ነበር። ያልተበላውን ቦታ ሁሉ እየለካሁ አሳየኋቸው፤ ወለሉ አራት ሚሊ፣ ጎኗ አራት ሚሊ፣ ከሆዷም ደህናው ቦታ አራት ሚሊ። የበርሜል ቆርቆሮ አንድ ሚሊ ገደማ ነው፣ ይሄን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሐጂ ኑሕ ጎሽ አሉኝና መለኪያውን እንዳስቀምጥ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ሚሊ ያነሳ ሰው የለም።

የሽምግልናን ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ እዚህ ላይ ነው የምቃጠለው። ሽማግሌ ሰላም ነው የሚፈልገው። እውነት ሰላሙን ካልረበሸች ትገባለች፣ ከረበሸች ግን በር ላይ ትጠብቃለች። አንዱ ሌባ ነህ ካለና ሌላው አይደለሁም ካለ፣ ሽማግሌ መሀል ላይ ይቆርጣል፤ ግማሽ ሌባ ነህ ማለት ነው። ውሳኔውም ይኸው ሆነ። አባዬ የጀልባዋን ሆድ በአዲስ ላሜራ ይቀይር፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሽማግሌ ፊት ተነስቶ «አጥፍቻለሁ» ይበል፤ ጋሽ አየለ ደግሞ «ይቅር ብያለሁ» ይበሉ፣ ተቃቅፈው ይለያዩ። ያላጠፋ ሰው ይቅርታ ሊጠይቅ፣ በአደባባይ የተሳደበ ሰው ይቅር ባይ ሊሆን ነው።

አባዬን ዓይን ዓይኑን አየሁት። እሱ ሽማግሌዎቹን አያይም፤ ጎንበስ ብሎ ዚንኮቹ የነበሩበትን ቦታ በጣቱ እየዳበሰ ነበር። ስድስቱም የሉም። የያዟቸው የብረት ማሰሪያዎች ብቻ ቀርተዋል። ቀና ብሎ ጋሽ አየለን አንድ ነገር ብቻ ጠየቃቸው፤ ጀልባዋ ስትቆም ኬብሉ ይነቀላል ወይ አላቸው። ፍሪጁ ይሙቅ እንዴ፣ ለምን ይነቀላል አሉ። አባዬ በውሳኔው እንደሚስማማ ተናገረ።

ሰዎቹ ሲሄዱ ጮኽኩበት። አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። ያልሰረቅከውን ሰረቅሁ ልትል ነው ወይ፣ ለማን ብለህ ነው አልኩት። ተይው ዊዳድ፣ ዝም አይነቅዝም አለኝና መጋዙን አስነሳ፣ ድምፄ በመጋዙ ተዋጠ። ዝም አይነቅዝም ያሉ ሰዎች ብረት ሲበላ ድምፅ እንደማያሰማ አያውቁም።

ማክሰኞ በሻሸመኔ መኪና ላንጋኖ ሄድኩ። አሳቤን አልደብቅም፤ ጥፋተኛ ልይዝ ነው የሄድኩት። የሎጁ መብራት በግዴለሽነት የተዘረጋ ነው፣ ከየቦታው ወደ ውሃው እየሾለከ ጀልባዋን የበላው እሱ ነው ብዬ ወስኜ ነበር፤ መረጃውን ሰብስቤ ጋሽ አየለን በሽማግሌ ፊት ላሳፍራቸው። መብራት የምለካበትን መልቲሜትሬን፣ ፒንሳዬን፣ ከጀልባዋ ሥራ የተረፈች መዳፌን የምታህል የላሜራ ቁራጭ በቦርሳዬ ይዣለሁ።

የሎጁን ጥገና የሚሠሩት ጋሽ ቀጄላ በፈገግታ ተቀበሉኝ። ጥቅምት ላይ መብራቱን ስሠራ አብረውኝ ስለነበሩ ያውቁኛል። ወደ ማሰሪያው መድረክ ወሰዱኝና ኬብሉን አሳዩኝ። «እንዳልሽኝ በደንብ ነው የያዝኩት። እንግዳ ይዛ ካልወጣች በቀር አንድ ቀን አልነቀልኩትም» አሉኝ፣ ኩራት እየተሰማቸው። ሶኬቶቹን፣ ማከፋፈያውን፣ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ንጹሕ ናቸው። አንድም የሚሾልክ መብራት የለም። ቅር አለኝ፤ ሰው ንጹሕ ሥራ አይቶ ቅር ሲለው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይወቅ።

አንድ ያልፈተሽኩት ቀርቶ ነበር፤ አረንጓዴና ቢጫው፣ የግራውንድ ሽቦው። ይህ ሽቦ መብራት አይሸከምም። ሥራው ሰው ማዳን ነው። ፍሪጁ ወይም የጀልባዋ አካል በስህተት መብራት ቢይዝ፣ መብራቱን ወደ መሬት ወስዶ ብሬከሩን ያስጥለዋል፤ የነካ ሰው አይሞትም። ዓለም ባንክ አካባቢ ግራውንድ የሌለው ፓምፕ ነክታ የሞተች ሴት አውቃለሁ፣ ልብስ እያጠበች ነበር። ከዚያ ወዲህ ግራውንድ ሳላስር ሥራ አስረክቤ አላውቅም። የጀልባዋን የብረት ሆድ ከሎጁ ግራውንድ ጋር ያሰርኩት እኔ ነኝ። ግራውንዱ የሚወርድባቸውን ሦስት ረጃጅም የመዳብ ዘንጎችም ያስተከልኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ቀጄላ ከቤቱ ጀርባ ደረቁ ላይ ሊቀብሯቸው ሲሉ፣ ግራውንድ እርጥብ ቦታ ነው የሚይዘው ብዬ ሐይቁ አፍ ላይ፣ ውሃው ውስጥ አስመታኋቸው።

የላሜራዋን ቁራጭ ከግራውንዱ ሽቦ ጋር በመልቲሜትሩ በኩል አያይዤ ውሃው ውስጥ ከተትኳት። አስራ አንድ ሚሊ አምፔር አነበብኩ። ይኸው ሾለከ፣ ያዝኳችሁ አልኩ በልቤ። ጋሽ ቀጄላ ዋናውን ብሬከር እንዲያጠፉልኝ ላክኋቸው። ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። አልሆነም። የሎጁ መብራት በሙሉ ጠፍቶ፣ ቁጥሩ እዚያው አስራ አንድ ላይ ቆመ።

ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። የሚመጣው ከመብራት ኃይል አይደለም። መዳብ እዚህ ውሃ ውስጥ፣ ብረት እዚያ ውሃ ውስጥ፣ መሀላቸው የኔ ሽቦ፤ የላንጋኖ ውሃ ደግሞ ጨዋማ ነው። ይሄ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ማለት ነው። ሁለት ዓይነት ብረታ ብረት እንዲህ ሲገናኝ አንዱ ይበላል፣ መዳቡ ሳይሆን ላሜራው። መጀመሪያ ለሁለት ዓመት የተባሉት ዚንኮች በጥቂት ወር አለቁ፣ ከዚያ ተራው የጀልባዋ ሆድ ሆነ። ኬብሉ በተሰካ ቁጥር፣ ፍሪጁ ሠራ አልሠራ፣ ሌት ተቀን ስትበላ ከረመች። ሌባ ፍለጋ ወጥቼ የገዛ እጄን ያዝኩ።

አዲስ አበባ ስደርስ መሽቶ ስለነበር አባዬን ያገኘሁት በማግስቱ ጠዋት ነው። በጀልባዋ ሆድ ላይ አዲስ ላሜራ እየገጠመ ነበር። አውቀህ ነበር ወይ አልኩት። መጀመሪያ የምን አለኝ። ሽቦው የኔ እንደሆነ አልኩት። የብየዳ መነጽሩን አወለቀ።

«ስድስት ዚንክ በስምንት ወር አልቆ አላውቅም። ብረት ብቻውን እንዲህ አይበላም፤ ከዳር የመጣ ነገር አለ ማለት ነው። ከዳር የመጣው ደግሞ ያንቺ ኬብል ነው» አለኝ።

ለምን አልነገርከኝም አልኩት። የሱ ስም ሠላሳ ዓመት የቆመ እንደሆነ፣ አንድ ጀልባ ቢያንገዳግደውም እንደማይጥለው ነገረኝ። የኔ ግን ገና ሁለት እግሩን አልተከለም፤ አንዴ ጀልባ ያስበላች ሴት ከተባልኩ ሞተር የሚያመጣልኝ ሰው አይኖርም አለ። ይህን ሁሉ የሚናገረው በፍቅር ነው፣ ይገባኛል። የተናደድኩትም ለዚያ ነው። ለካ ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩትን ፈቃድ አባቴም ቢሆን እንደ ልጅ ሥዕል ነበር የሚያየው፤ ደስ የሚል፣ ግን የማይጠየቁበት። ሌላው ሰው ጥፋቱን ይሸከማል፣ የኔን ግን አባቴ ይሸከምልኛል። እንደዚህ ከሆነ ፈቃዱ የማን ነው አልኩት። መነጽሩን መልሶ አደረገ።

ቅዳሜ ሁሉም መጡ። ሐጂ ኑሕ በዱዓ ከፈቱ፣ ጋሽ ቢቂላ ስለ ጉርብትና ጥቂት ተናገሩ። አባዬ ቃሉን ሊሰጥ ሲነሳ ቀደምኩት። ጀልባዋን ያስበላሁት እኔ ነኝ አልኩ። ዘንጎቹን፣ ሽቦውን፣ ጨዋማውን ውሃ፣ ብሬከሩ ጠፍቶ ያልጠፋውን ቁጥር አንድ በአንድ አስረዳሁ። የላሜራዋን ቁራጭና የመዳብ ሽቦ በጨው ውሃ ሳህን ውስጥ ከትቼ በመልቲሜትር አሳየኋቸው።

ጋሽ ቢቂላ ቁጥሩን በመነጽራቸው አዩና ግማሽ ቮልት እንኳ አይሞላም አሉ። አዎ አልኳቸው። ግማሽ ቮልት ያን የሚያህል ጀልባ በላ ነው የምትይን አሉና ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሐጂ ኑሕ በእጃቸው ራሴን ዳበሱኝ። አባቷን የምታድን ልጅ አላህ ይባርካት፣ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደ አልከሰረም አሉ። ሁሉም አሚን አለ። ያምኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እነሱ ግን መረቁኝ። ጥፋቴን ነግሬያቸው ምርቃት ሰጡኝ። ሌባ ለመባል አንድ ጩኸት በቂ ነው፤ አጠፋሁ ያለች ሴት ግን ማስረጃ በሳህን ይዛ ብትመጣም አትታመንም።

ጋሽ አየለ ብቻ አልሳቁም። ቁጥሩን ሲያዩ ቆዩና፣ እንዲያ ከሆነማ ቀላል ነው፣ ግራውንዱን ቁረጪውና እንገላገል አሉኝ። በዚህን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ።

«አልቆርጥም። ብረት ቢበላ በላሜራ ይተካል። ፍሪጁን ነክቶ የሞተ እንግዳዎን በምን ይተካሉ? የሠራሁት ጎደሎ እንጂ ውሸት አልነበረም። ሁለት ጥቅል ያለው ትራንስፎርመር ራሴ ጠምጥሜ መሀላቸው አስገባለሁ፤ የሎጁ መብራት በአንዱ ይገባል፣ የጀልባዋ በሌላው ይወጣል፣ ሽቦና ሽቦ አይነካኩም። ጀልባዋም የራሷ ግራውንድ ይኖራታል፣ ከመዳቡ ጋር አትገናኝም» አልኳቸው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሐጂ ኑሕ ጉሮሯቸውን አጠሩና፣ ይሄ የልጆች ነገር ስለሆነ ለብቻ እንደሚነጋገሩበት፣ አሁን ሀያቱ ቃሉን ሰጥቶ ነገሩ እንዲዘጋ ጠየቁ። አባዬ ተነሳ። አጥፍቻለሁ ሊል ነው አልኩ በልቤ።

«ሐጂ፣ ልጄ ሠርቼዋለሁ ካለች ሠርታዋለች» አለ። «እኔም እንደናንተው ልደብቅላት ነበር። የወንድ በያጅ ብየዳው ሲሰነጠቅ ጠርተን እንጠይቀዋለን። እሷን ስትሳሳት የምንመርቃት ሥራዋን ሥራ ስላላልነው ነው። ጥፋቷን አትንጠቋት። የምትጠየቀው እሷ ናት።»

አባቴ በሽማግሌ ፊት ይህን ያህል ሲናገር አይቼው አላውቅም። ተመልሶ ተቀመጠ። ውጪ የታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማል። በመጨረሻ ሐጂ ኑሕ ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። ከዳበሱኝ እጅ ጋር የነበረው ፈገግታ የለም። ባለፈው ሳምንት ለአባዬ ውሳኔውን በተናገሩበት በዚያው ደረቅ ድምፅ፣ «እሺ ዊዳድ፣ ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

ሳምንት ሙሉ ስንገበገብባት የሰነበትኳትን ቃል ለማለት ተነሳሁ። ጋሽ አየለ ፊት ሄጄ ዝቅ አልኩ።

«አጥፍቻለሁ። አባቴ ግን ላሜራ አልሰረቀም።»

ጋሽ አየለ ቀና በይ አሉኝ። መብራቱን እስከ ዛሬ አባቴ የቀጠረው ባለሙያ የሠራው ይመስላቸው እንደነበር ነገሩኝ፤ ጥቅምት ላይ አጠገባቸው ሽቦ ስስብ የዋልኩት እኔ መሆኔን አላስተዋሉም። ከዚያ ወደ አባዬ ዞረው ሌባ ያልኩህን ቃሌን አንስቻለሁ፣ በድዬሃለሁ አሉት። ለኔ ግን ይቅር ብያለሁ አላሉኝም። ሥራዬን ሲያዩ እንደሚሉኝ ተናገሩና፣ ትራንስፎርመሩ በስንት ቀን ይደርሳል ብለው ጠየቁኝ። በአሥር ቀን አልኳቸው። ቢዘገይስ አሉ። እኔ እጠየቃለሁ አልኳቸው።

ሁሉም እኔን ያያሉ። ባለቅስ ያዝኑልኝ ነበር፣ ካዘኑልኝ ደግሞ እንደገና ይመርቁኛል። አላለቀስኩም። ወደ ክፍሌ ገብቼ የመዳብ ሽቦዬን መመዘን ጀመርኩ።